ከጂንካ አንድ ሰዓት

በአዋሳ አውሮፕላን ሜዳ ሬድዮ ቤት ውስጥ ጸሐይወርቅ የምትጠላው አንድ የከተማ ስም ነበር፤ ጂንካ። አርባ ምንጭንም፣ ጎባንም፣ ነጌሌንም በተረጋጋ ድምፅ ትጠራለች። ጂንካ ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ይመርራል። ከጂንካ የሚነሳው ዳኮታ አውሮፕላን አዋሳ ለመድረስ የሚፈጅበት አንድ ሰዓት ነው። ነፋስ ከፊት ከመጣበት ትንሽ ይዘገያል፤ ከኋላ ከገፋው ቀደም ይላል። ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። ከማንም ይበልጥም ያቃጥላታል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚህች የአንድ ሰዓት መንገድ ሰበብ፣ ነጭ ቀሚስ እንደለበሰች ተቀምጣ ቀርታለች።

ያን ጊዜ ሬድዮ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። የአቶ ወልደጻድቅ ልጅ ናት። አባቷ መናኸሪያ አጠገብ የነበራቸው ሱቅና አልቤርጎ በአዋጅ ሲወረስ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ቤተሰቡ ግን ታቦር ግርጌ ባለችው ቤቱ ውስጥ ኩራቱን እንደያዘ ቀረ። እሷ የወደደችው የቡሹሎ ገበሬ ልጅ ነው። ማቴዎስ ይባላል። ጤና ረዳት ነው። ወላጆቹ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋባቸው በኋላ በየጓዳው ተሰብስበው በሹክሹክታ የሚዘምሩ ጴንጤዎች ናቸው። መጀመሪያ ያየችው እናቷ ወይዘሮ እህተማርያም ታመው መርፌ ሊወጋቸው በመጣ ጊዜ ነበር። መርፌውን እየቀቀለ ሰረቅ አድርጎ አያት። ውኃው ተንተክትኮ አለቀ፤ እሱ አላየውም። እናቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ መርፌው አረረ እኮ!» ሲሉት ሦስቱም ሳቁ። ፍቅሩ የተጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

ይህ ሳቅ ያላሳቀው ወንድሟን ገብረጻድቅን ብቻ ነበር። ገብረጻድቅ ካድሬ ነው። ቀን ቀን መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ጭቁኑ ገበሬ ሲናገር ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ማታ የገበሬው ልጅ እህቱን እንደጠየቀ ሲነግሩት ግን የደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገተረ። «የወልደጻድቅ ልጅ ቡሹሎ ወርዳ ልትኮተኩት ነው?» አለ። እናቱ አለቀሱ፣ ለመኑት። በመጨረሻ ዝም አለ። ዝም ሲል ሁሉም የተስማማ መሰላቸው።

ማቴዎስ ጂንካ ተመድቦ ስለነበር ለሠርጉ በቅዳሜው አውሮፕላን ሊመጣ ተቀጠረ። ዳሱ ተጣለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሙሽራውን ሊቀበል አውሮፕላን ሜዳ የሄደው ገብረጻድቅ ራሱ ነበር። ብቻውን ተመለሰ። እህቱን ወደ ጓዳ አስገብቶ በሩን ዘጋና፣

«አልመጣም። በመንገደኛ ቃል ልኮብሻል» አላት። «‹ጂንካ ሩቅ ነው፤ እዚህ ሌላ ኑሮ ጀምሬያለሁ፤ እንዳትጠብቀኝ› ብሏል።»

ጸሐይወርቅ አላለቀሰችም። ዳሱ ውስጥ የሚጠብቃት ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ቀስ በቀስ ሲበተን በበሩ ቀዳዳ አየች። ከወራት በኋላ ወንድሟ ደግሞ፣ «ሰውዬሽ እዚያው አግብቷል አሉ» ብሎ እንደ ቀልድ ጣል አደረገላት። በዚያው ዓመት ለሬድዮ ሥራ ተወዳድራ አውሮፕላን ሜዳ ገባች። ለምን እንደገባች ለሚጠይቃት፣ «ሥራው ጸጥ ያለ ነው» ትላለች። እውነቱ ሌላ ነበር። ያ ሰው አንድ ቀን በዚህ ሰማይ ላይ ማለፉ አይቀርም። ያን ቀን እሷ እዚህ መኖር አለባት።

ያ ቀን በነሐሴ፣ ማክሰኞ ጠዋት መጣ።

«አዋሳ፣ አዋሳ፣ ጂንካ ነኝ» አለ የጂንካው የሬድዮ ሰው ደበሌ። መልኩን አይታው አታውቅም፤ ድምፁን ግን ከጎረቤቶቿ ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች። «ዳኮታው አሁን ተነሳ። በቃሬዛ ላይ የተኛች ሴት አለች። ምጥ ከያዛት ቆይቷል፤ እዚህ ሊረዷት አልቻሉም። አምቡላንስ ይጠብቃት። አብሯት የመጣው ጤና ረዳታችን ማቴዎስ ነው።»

ጸሐይወርቅ እጇ ማይክሮፎኑ ላይ ደረቀ።

«ሰማሽኝ፣ አዋሳ?»

«ሰምቻለሁ» አለች።

ሚስቱ ናት። ሌላ ማን ልትሆን ትችላለች? ሚስቱን በጭኑ አስደግፎ፣ ሊወለድ የደረሰ ልጁን ይዞ፣ በዚያችው ሩቅ ናት ባላት መንገድ እየመጣ ነው። ለእኔ ሲሆን ሩቅ ነበረች፤ ለእሷ ሲሆን አጠረች! ስልኩን አንስታ ሆስፒታል ልትደውል ቁጥር መምታት ጀመረች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ውጭ ባልደረባዋ ጠሀ ሜዳው ላይ የገቡትን ከብቶች አባሮ ሲጨርስ ታየዋለች። ሌሊት የዘነበው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ታቦር ላይ ወጥታለች። ከሐይቁ በኩል አንዲት የደመና ቁራጭ እንኳ አይታይም።

ያን አንድ ሰዓት ያሳለፈችው ወንበሯ ላይ ሳትነቃነቅ ነው። አሁን የጋሞን ተራራ አለፈ። አሁን አባያ ሐይቅ ላይ ነው። ሰውነቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ እያለ፣ ደስ እያላት፣ ይግል ነበር።

ፓይለቱ ጠራት። «አዋሳ፣ እየቀረብን ነው። አየሩ እንዴት ነው?»

«አዋሳ ዝግ ነው» አለች። ድምፅዋ ምንም አልተንቀጠቀጠም። «ከሐይቁ የተነሳ ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል። ማረፍ አይቻልም። ወደ አዲስ አበባ ቀጥሉ።»

«በሽተኛዋ በጣም ተዳክማለች። አዲስ አበባ ደግሞ ይህንኑ የሚያህል መንገድ ነው። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

የሞተሩ ድምፅ ከደቡብ በኩል ይሰማ ጀምሮ ነበር። አሁን ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ሰማችው። ጠሀ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ግራ ተጋብቶ ወደ ሬድዮ ቤቱ ዞረ። እሷ ፈገግ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ጣዕም አፏ ውስጥ ነበር።

ሬድዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ። ደበሌ ነው፤ የተባባሉትን ሁሉ ሰምቷል።

«ጸሐይ! ምን ዓይነት ጉም ነው? ቅድም ፀሐይ ወጥታለች አላልሽኝም? ጫልቱ አዲስ አበባ አትደርስም እኮ! የአንድ አስተማሪ ሚስት ናት፤ ባሏ እዚህ በሩ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነው።»

«የ… የአስተማሪ?»

«የማን መስሎሽ ነበር?»

«የጤና ረዳቱ።»

«ማቴዎስ?» አለ ደበሌ። «ማቴዎስ የት ሚስት አለው? ከሦስት ዓመት በፊት ሊያገባ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በእኔው ዓይን ፊት ከአውሮፕላኑ መሰላል ላይ ጎትተው አወረዱት። ሁለት ዓመት ታሰረ። ሌላው በሬድዮ የሚወራ አይደለም።»

ጸሐይወርቅ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች፤ «አዋሳ ነኝ! ተመለሱ! ጉሙ ተገፏል፤ ሜዳው ክፍት ነው፤ እባካችሁ ተመለሱ!»

መልስ እስኪመጣ ያለፈችው ጊዜ ከሦስቱ ዓመት ረዘመችባት። «ገባን፣ አዋሳ። እንመለሳለን» አላት ፓይለቱ። የሆስፒታሉን ስልክ ስትመታ ጣቷ ቁጥሩን እየሳተ ሁለቴ ተሳሳተች።

ቃሬዛው ሲወርድ በበሩ ላይ ቆማ ነበር። አብሮ የወረደው ሰው ከስቷል፤ በሠላሳ ዓመቱ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። የሴትዮዋን እጅ እንደያዘ ወደ አምቡላንሱ ሲሮጥ ቀና አለና አያት። ከንፈሩ ስሟን ሊጠራ ተከፈተ። ከዚያ በሽተኛዋ ቃተተች፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ አድርጎ ነቅሎ ሄደ። ጸሐይወርቅ በሩን ተደግፋ ቀረች፤ ያ ዓይን በእሷ ላይ አንዳች ቂም አልነበረበትም፤ ከሁሉ የከበዳትም ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማቴዎስ በእግሩ ወደ አውሮፕላን ሜዳው መጣ። አጥሩ ጋ ቆሙ።

«ጫልቱ በኦፕራሲዮን ወለደች» አለ። «እሷም ልጇም ደህና ናቸው።» ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ባልሽስ ደህና ነው?»

«የምን ባል?»

ቀና አለ። «አግብታለች ተብዬ ነው እኮ! ከእስር ስፈታ የነገሩኝ… ከጂንካ አውራጃ እንዳልወጣም አስፈርመውኛል። ትናንትም በሽተኛዋን ይዤ ካልሄድኩ ትሞታለች ብዬ ለምኜ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የፈቀዱልኝ።»

«ማን ነው ያስወረደህ?»

«ይቅር፣ ጸሐይ። አለፈ።»

«ማን ነው?»

«ብትሰሚው ምን ይጠቅምሻል?»

«ማቴ፣ በእናትህ ሞት! ማን?»

«የመረመረኝ ሰውዬ መጀመሪያ ቀን ሳቀብኝ። ‹ከአዋሳ ጓድ ገብረጻድቅ ሰላም ብሎሃል፤ ከሠርግህ በመቅረትህ በጣም አዝኗል› አለኝ።»

ጸሐይወርቅ አጥሩን ያዘች። ወንድሟ ጓዳ ውስጥ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሲያባብላት ታያት። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጥቷት ነበር። ያላለቀሰች ሙሽራ ላይ መሐረብ ዘርግቶ ቆሞ ነበር!

«እኔም ልንገርህ» አለችው። «ትናንት ጉም አልነበረም። ሚስትህ መስላኝ ነው። እያወቅኩ ነው የመለስኳችሁ።»

ማቴዎስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «አውሮፕላኑ ሲዞር ጫልቱ ‹ደረስን?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ለምትሞት ሴት ዋሸሁ ብዬ ነበር የተጨነቅኩት።» ተመልሶ ወደ አጥሩ ቀረበ። «እንዲህ አድርገውሻል ማለት ነው? እኔን ካሰሩኝ ይልቅ አንቺን እንዲህ ማድረጋቸው ይብሳል።»

ያኔ አለቀሰች። በአጥሩ መሐል እጁን አሾልኮ ፊቷን ጠረገላት። ሽቦው ክንዱን ቧጨረው፤ አላወጣውም።

«ገብረጻድቅን እስር ቤት ሳለሁ ይቅር ብዬዋለሁ» አላት።

«ያንተን ይቅር ማለት ትችላለህ» አለች እንባዋን ውጣ። «የእኔን ሦስት ዓመት ግን አንተ ይቅር ልትልልኝ አትችልም።»

ቤት ውስጥ ሌላ ድግስ እየተዘጋጀ ነበር። ገብረጻድቅ እህቱን ለአለቃው ለጓድ ደረሰ ሊድር ቃል ከገባ ሰንብቷል። ጓድ ደረሰ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጸጥ ያለ፣ የሚፈራ ሰው ነው። ጸሐይወርቅም ማንንም ብታገባ ለውጥ የለውም ብላ እሺ ብላ ነበር። ቀለበት የሚታሰረው ቅዳሜ ነው። የጂንካው አውሮፕላንም የሚነሳው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

በዚያው አውሮፕላን አብራው ልትሄድ ማሰቧን ስታማክረው ማቴዎስ ደነገጠ። «አብሬህ ልሂድ ካልሽኝ ሕይወቴን እሰጥሻለሁ። ግን ማንም ሳያየን በአውቶቡስ እንሂድ።»

«በዚህ ክረምት፣ በጭቃ፣ ስንት ቀን እንደ ሌባ ተደብቄ? አልሄድም። ፀሐይ ላይ፣ የወንድሜ ዓይን እያየ ነው የምሄደው።»

«እኔን ዱላ አድርገሽ ልትመቺው ከሆነ ተይኝ፣ ጸሐይ።»

«ዱላው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ መቀመጫህ ላይ ተቀመጥ። ብመጣ እመጣለሁ።»

አርብ ማታ ለወንድሟ እራት አቀረበችለት። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ። ከጓድ ደረሰ ጋር መጥታችሁ ከዚያው በመኪና ብትወስዱኝ?» አለችው በለሰለሰ አፍ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለገብረጻድቅ እንዲህ ስትለሰልስለት የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ብሎት ራሷን ዳበሳት። «አባታችን አሁን ገና አረፈ» አለ። እጁ ጸጉሯ ላይ ሳለ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። እናቷ ከማዶ ሆነው ትክ ብለው አዩዋት። ሲተኙ ወደ አልጋዋ መጥተው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አስበሻል፣ ልጄ?»

«ምንም፣ እማዬ።»

«እኔ አንቺን የወለድኩ ነኝ» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም። ሌላ አልጨመሩም። ግንባሯን ስመው ወጡ። ጸሐይወርቅ ትራሷን ነክሳ አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሬድዮው ላይ የተቀመጠው ጠሀ ነው። እሷ ትንሽ ሻንጣዋን ይዛ ሜዳው ላይ ቆማለች። መንገደኞቹ ገብተዋል። ማቴዎስ መሰላሉ ሥር ይጠብቃታል። ላንድሮቨሩ ጭቃውን እየረጨ መጣና ቆመ፤ ገብረጻድቅ አዲስ ካፖርቱን ለብሶ እየሳቀ ወረደ፤ ጓድ ደረሰም ተከተለው። ገብረጻድቅ ሻንጣውን አየ። ከዚያ መሰላሉ ሥር ያለውን ሰው አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ሞተ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከሠርጉ የቀረው ሙሽራ ነው፣ ጋሼ። ሰላም አትለውም? በሰው ሰላም ልከህለት አልነበረም?»

«ዝም በይ! መኪና ውስጥ ግቢ!»

«ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ!» ድምፅዋ ሜዳው ላይ አስተጋባ፤ መንገደኞቹ በመስኮት ተደራረቡ። ወደ ጓድ ደረሰ ዞረች። «ጓድ ደረሰ፣ እርስዎ ምንም አልበደሉኝም፤ ይቅርታዎን። ግን የሚያገቡበትን ቤት ይወቁት። ወንድሜ ይህን ሰው በሠርጉ ቀን ከዚህ አውሮፕላን ላይ አስወርዶ ሁለት ዓመት አሳሰረው። ጥፋቱ የገበሬ ልጅ ሆኖ እህቱን መውደዱ ነው። ለእኔ ‹ትቶሻል› አለኝ። ለእሱ ‹አግብታለች› አስባለው። በአብዮቱ ስም የእኔን ዳስ አፈረሰ!»

«ጓድ ደረሰ፣ ሰውዬው ጴንጤ ነው፤ ፀረ አብዮት…» አለ ገብረጻድቅ።

«ትእዛዙን ማን ሰጠህ?» አለ ጓድ ደረሰ። አልጮኸም።

«እኔ… በወቅቱ የነበረው ሁኔታ…»

«በጽሕፈት ቤታችን ስም የእህትህን ሠርግ አፈረስክ። አሁን ደግሞ ለእኔ ሠርግ ደገስክልኝ።» ጓድ ደረሰ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። እጁን ዘረጋ። «ሽጉጥህን ስጠኝ። ከኋላ ግባ።»

ከኋላ መቀመጫ መግባት ምን ማለት እንደሆነ በከተማው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ገብረጻድቅ ሽጉጡን ሲፈታ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጸሐይወርቅ እያንዳንዷን መንቀጥቀጥ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ጣፈጣት። እስኪያማት ጣፈጣት። እሱ የመኪናውን በር ይዞ ዞረ። እንደምትጠብቀው አልተሳደበም፤ አላስፈራራትም።

«እማዬን ማን ያያታል?» አለ ብቻ።

በሩ ተዘጋ። ጸሐይወርቅ ወደ መኪናው አንድ እርምጃ ተራመደች።

«እናትሽ ዘንድ ሰው እልካለሁ» አላት ጓድ ደረሰ ሳያያት። «ሂጂ። ሐሳቤን ሳልቀይር ሂጂ።»

አውሮፕላኑ ተነሳ። ሐይቁ በቀኝ በኩል እያበራ ቀረ፤ የቡሹሎ ማሳዎች ከሥራቸው ተዘረጉ፤ ማቴዎስ አንገቱን አስግጎ የአባቱን ጎጆ ፈለገ። ሲያገኘው በጣቱ መስታወቱን ነካ። ከዚያ እጇን ያዘ። ቀዝቃዛ ነበር።

«ደስ ብሎኛል» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ሽጉጡን ሲያወልቅ ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል። እማዬን ሳስብ ልቤ ይቆረጣል፣ እሱን ሳስብ ግን አሁንም ደስ ይለኛል። ክፉ ሆኛለሁ፣ ማቴ?»

ማቴዎስ እጇን አልለቀቀም። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ለእሱ ነው የምትጸልየው?»

«አዎ።»

«ጸልይ» አለች። «እኔን ግን አሜን በይ እንዳትለኝ።»

«አልልሽም» አላት። «ስትችዪ ራስሽ ትያለሽ። ባትችዪም እወድሻለሁ።»

ጸሐይወርቅ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። ሞተሩ እየጮኸ፣ ማንም ሳይሰማት፣ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ለእናቷ ይሁን፣ ለወንድሟ ይሁን፣ ወይስ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ለቀረችው ልጅ፣ እሷም ለይታ አላወቀችውም።